አምቡላንሱ ፊት ለፊቴ ቆመ

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ቤቴ አያት፣ ቢሮዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። የሰባት ዓመት ልጄን መገናኛ አካባቢ ትምህርት ቤት አድርሼ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ አምስት ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ላይ ረድፌን ጠብቄ፣ ፍሬቻ አሳይቼ፣ ሰው እያስቀደምኩ ነበር የምነዳው። አሁን ጠዋት ጠዋት የማላውቃት ሴት እሆናለሁ። ታክሲዎቹ ያለ ፍሬቻ ይገቡብኛል፤ መሀል መንገድ ላይ ቆመው ሰው ይጭናሉ፤ አንዱን ካስገባሁ አምስቱ ይከተሉታል፤ ከኋላዬ ያለው ደግሞ ለምን አስገባሽ ብሎ ክላክስ ይነፋብኛል። እጮሃለሁ፣ እሳደባለሁ። ባለፈው ወር ልጄ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ አንዱን ሹፌር «ይሄ ከብት!» አለው። ቃሉ የእኔ ነው።

የጻፍኩልዎ ግን ለሌላ ነገር ነው። ባለፈው ማክሰኞ ዋናው መንገድ ዝግ ስለነበር በውስጥ ለውስጥ ልቁረጥ ብዬ ገባሁ። እዚያም ቆመ። ከፊቴ ያሉት አንድ ሁለት እያሉ ተቃራኒውን መስመር ይዘው ሲሄዱ አየሁና ተከተልኳቸው። ሃምሳ ሜትር እንደሄድኩ አምቡላንስ እየጮኸ ፊት ለፊቴ መጣ። ወደ ቀኝ እንዳልገባ ሰልፉ ዝግ ነው፤ ወደ ኋላ እንዳልል ስድስት ሰባት መኪና ተከትሎኛል። ሹፌሩ ወርዶ በእጁ እየለመነን፣ አንድ የሱቅ ልጅ እያገዘው፣ አምስት ደቂቃ ይሁን አሥር ሳላውቀው ተለቀቀ። ሲያልፈኝ አየኝ። አልተሳደበም። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እህቴ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚነዳው» ትለኛለች። ባለቤቴ «ቀደም ብለሽ ውጪ» ይለኛል። መኪናውን ልሽጠው? ወይስ ከተማው ነው እንዲህ የሚያደርገን?

የተማረረች እናት፣ ከአያት

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ታክሲዎቹም፣ ስለ ልጅሽም፣ ስለ መኪናው መሸጥም እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ አምቡላንሱ እናውራ፤ ብዕር ያስነሳሽ እሱ ነውና።

ውስጡ ማን እንደነበረ አንቺ አታውቂም፣ እኔም አላውቅም። ምጥ የጠናባት ሴት ትሆናለች፣ ደረቱን የያዘው አባት ይሆናል፣ ወይም ሹፌሩ በሽተኛ ሊያነሳ ባዶውን እየሄደ ይሆናል። ስለማላውቅ «ግድ የለም፣ ምንም አልተፈጠረም» ብዬ አላጽናናሽም። እንቅልፍ ማጣትሽ አላሳሰበኝም፤ ሆድሽ የሆነውን ነገር በልኩ አውቆታል ማለት ነው። እኔን ያሳሰበኝ ከኋላሽ ተከትለው የነበሩት ስድስት ሰባት ሹፌሮች ናቸው። ስንቶቹ በዚያ ሌሊት ተገላብጠው እንዳደሩ እንጃ።

እህትሽ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚነዳው» ያለችሽ ልታረጋጋሽ ፈልጋ ነው፤ አልፈርድባትም። ነገሩ ግን እውነት አይደለም። በዚያች መንገድ ላይ ከቀኝሽ ቆሞ የሚጠብቀው ሰልፍ ከእናንተ በብዙ ይበልጥ ነበር። ረድፉን ጠብቆ የቆመ ሹፌር ዓይን ውስጥ አይገባም፤ የምናየው ጥሶ የሄደውን ነው። በየቀኑ መቶ ሰው ተራውን ሲጠብቅ አይተን፣ ሦስቱ ሲያልፉን «ሁሉም አለፈ» እንላለን። አንቺም ያን ቀን የተከተልሽው ሁለት ሦስት መኪና ነው።

አሁን የሆነውን ነገር ፈታ አድርገን እንየው። የውስጥ ለውስጥ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የሚበቃው ለሁለት መኪና ነው፤ አንዱ ለሂያጅ፣ አንዱ ለመጪ። የሂያጁ ሰልፍ ሲቆም ጥቂቶች ወጥተው የመጪውን መስመር ይይዛሉ። ለአንድ ሁለት ደቂቃ ያዋጣቸው ይመስላል። ከዚያ ከፊት መኪና ይመጣል። መጪው ማለፊያ ሲያጣ ይቆማል፤ ከኋላው ያሉትም ይቆማሉ። የእነሱ ሰልፍ ወደ ኋላ እየረዘመ ሄዶ የሚደርሰው ደግሞ ሂያጆቹ ሊወጡበት በሚጠብቁት መጋጠሚያ ላይ ነው። ያን ጊዜ መውጫው ራሱ ተዘጋ። የቀድሞው ሰልፍ እየተጎተተም ቢሆን ይሄድ ነበር፤ አሁን አንድ ሰው ወርዶ «አንተ ወደ ኋላ፣ አንቺ ጥግ ያዢ» እያለ እስኪፈታው ድረስ የሚነቃነቅ ነገር የለም። ይህን ቋጠሮ በየሰፈሩ የሚፈቱልን ማንም ደሞዝ የማይከፍላቸው ሰዎች ናቸው፦ ሊስትሮ፣ የሱቅ ልጅ፣ የግቢ ጥበቃ፣ የታክሲ ረዳት። ያንን የሱቅ ልጅ በደብዳቤሽ ውስጥ ስላነሳሽው ደስ ብሎኛል። በዚያ ስታልፊ አንድ ቀን ወርደሽ አመስግኚው።

ትልቁ መስቀለኛ መንገድ ላይም ያው ነው። አረንጓዴ ሲበራ በአንድ ረድፍ በየሁለት ሴኮንዱ አንድ መኪና ያህል ያልፋል። ማዶው ሞልቶ እያየን መሀል ገብተን ብንቆም፣ ለጎን መንገድ ሲበራለት ግማሽ ደቂቃ ብንዘጋበት፣ በእያንዳንዱ ረድፍ 15 መኪና ባለበት አስቀረን። በሚቀጥለው ዙር እነሱ ተናደው መሀል ይገባሉ፤ እኛን ይዘጉናል። ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት የምናየው ድርቅ ያለ መቆም፣ ከመኪና ብዛት ብቻ ሳይሆን ከዚህ እርስ በርስ መዘጋጋትም የሚመጣ ነው።

ከተማው ነው ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው፣ መጨናነቁን ያመጣው ከተማው ነው ብትዪ አልከራከርሽም። አንቺ በምትሄጂበት መስመር ላይ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚደርሰው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሁላችንም ተስፋ አድርገን ነበር። ሐዲዱ መንገዱን ለሁለት ስለከፈለው ለመዞር ርቀን መሄድ ግድ ሆነ፤ ከመጡት 41 ባቡሮች ደግሞ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት የቆሙበት ጊዜ መጣ። በኮሪደር ልማቱ ብዙ ቦታ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ ለብስክሌትም መስመር ወጥቷል፤ ይህን እኔ እወደዋለሁ፤ ሥራው ሲሠራ ግን የአንዱ መንገድ መዘጋት የሌላውን ሰልፍ ማርዘሙን በየቀኑ ታይዋለሽ። አውቶቡሱ አይበቃም። ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት በተመሳሳይ ሰዓት ይከፈታሉ። ይህ ሁሉ ካንቺ አቅም በላይ ነው፤ እሱን በትከሻሽ አትሸከሚ።

እንዲያውም ማንም ጥፋተኛ ሳይኖር መንገድ ሊቆም እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ሙከራ አለ። የጃፓን ተመራማሪዎች ናቸው፤ የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አሉበት፤ ውጤቱን ያሳተሙት በ2000 ዓ.ም. ነው። ዙሪያው 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ 22 መኪና አሰለፉ። ሹፌሮቹን «በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሳትፈጥኑ ሳትዘገዩ ሂዱ» አሏቸው። መብራት የለም፣ መጋጠሚያ የለም፣ ታክሲ የለም፣ እግረኛ የለም። ጥቂት እንደተሽከረከሩ አንዱ ትንሽ ፍሬን ያዘ፤ የኋላው ከእሱ ባሰ፤ ሦስተኛው ይበልጥ ያዘ። መኪኖች ቆሙ። መቆሙም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ወደ ኋላ ይጓዝ ነበር። አንቺም ብዙ ጊዜ ቆመሽ ቆይተሽ ሲለቀቅ «ታዲያ ምን ነበር የዘጋው?» ብለሽ ፊት ለፊት አይተሽ ምንም አጥተሽ ታውቂያለሽ። አንዳንዴ በእርግጥ ምንም አልነበረም።

ይህን የምነግርሽ የንዴትሽን ሥር እዚህ ላይ ስለማገኘው ነው። እኛ አገር ሰው መዘግየትን ይችላል። ለቅሶ ቤት ስንት ሰዓት እንቀመጣለን፣ ቀበሌ ስንት ቀን እንመላለሳለን። የማንችለው ንቀትን ነው። ታክሲው ፊትሽ ሲገባ ያጣሽው አምስት ሜትር ነው፤ ደምሽ የሚፈላው ግን «ሴት ስለሆንኩ ነው»፣ «ቪትዝ ስለያዝኩ ነው»፣ «እንደ ሰው ስላልቆጠረኝ ነው» በሚለው ነው። ሴት ሹፌሮች ላይ ሆን ብለው የሚያስጨንቁ መኖራቸውን አልክድም፤ መንዳት ያስተማርኳቸው ስንት ተማሪዎቼ አልቅሰውልኛል። ግን ከአሥሩ ዘጠኙ አንቺን አላየሽም። ያየው ክፍት ቦታ ነው። መስታወት ውስጥ ማን እንዳለ አያውቅም።

በር ላይ ስንገናኝ እንዴት እንደምንሆን አስቢ። ሁለት ሰዎች ሱቅ በር ላይ ቢገጣጠሙ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ»፣ «በሞቴ» ይባባላሉ፤ በሩን ይዘው ቆመው ሦስተኛ ሰው እስኪያስጠብቁ ድረስ። እነዚያው ሁለት ሰዎች ከግማሽ ሰዓት በኋላ መገናኛ ላይ በመኪና ቢገናኙ ስፖኪዮ ለስፖኪዮ ይፋተጋሉ። ሰዎቹ አልተለወጡም። ፊት አይተያዩም፣ በቃ። የታክሲ ረዳቶች ይህን ከእኛ በፊት አውቀውታል፤ ለዚህ ነው መግባት ሲፈልጉ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው፣ ዓይንሽን ፈልገው፣ «እትዬ፣ አንዴ» የሚሉሽ። አብዛኛውን ጊዜም ትሰጫቸዋለሽ። አንቺም ስትፈልጊ መስታወቱን ዝቅ አድርጊና ሰውየውን እዪው፤ እጅሽን አንሺ። ስታስገቢም እጅሽን አሳዪ፤ ያስገባው ሰው መሆኑ ይታወቀው። ከኋላሽ ክላክስ የሚነፋው ይንፋ። አንድ መኪና ማስገባት ሁለት ሴኮንድ ነው። አምስቱ ሲከተሉ ግን አንዱን አስገብተሽ ሂጂ፤ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ። ረድፎች በሚገናኙበት ቦታ ሰው ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ ማንም አይዘገይም።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገርሽ። ለ14 ዓመት መንዳት አስተምሬያለሁ። ተማሪ አጠገቤ ተቀምጦ፣ መኪናው ላይ «ለማጅ» ተጽፎ፣ ሞተር መስቀለኛ ላይ ጠፍቶበት፣ ከኋላ ክላክስ እንደ ሰርግ ሲነፋ እንኳ አልናደድም ነበር። «አይዞህ፣ ፍሪሲዮኑን ርገጥ፣ ተረጋጋ» እል ነበር። ማታ ብቻዬን ወደ ቤት ስነዳ ግን ሌላ ሰው ነበርኩ። እጮህ ነበር፣ እገባ ነበር፣ አንዴማ ጎተራ አካባቢ ያለፈኝን መኪና ተከትዬ ከመስመሬ ውጪ ሩቅ ሄጃለሁ። አገኘሁት። መስታወት አውርጄ ልሰድበው ስል አንድ አዛውንት ናቸው፤ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ይዘው፣ ፈርተውኛል። ምንም ሳልል ተመለስኩ። ጠዋት ታጋሽ፣ ማታ እብድ የሆንኩት ለምንድነው ብዬ ብዙ ጊዜ አሰብኩ። ጠዋት የሚያየኝ ተማሪ ነበር። ትዕግሥቱ ነበረኝ ማለት ነው፤ የማወጣው ግን የሚማርብኝ ሰው ሲኖር ብቻ ነበር።

አንቺ ከኋላሽ በየቀኑ የሚማርብሽ ልጅ አለሽ።

ለልጅሽ ምን ልበለው ካልሽ፣ ይቅርታ ጠይቂው። በመኪና ውስጥ ሳይሆን ቤት ስትገቡ፣ ረጋ ብለሽ። «ያን ሹፌር የሰደብኩት ተናድጄ ነው፤ ትክክል አልነበርኩም፤ አንተም አትበለው» በዪው። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን አሳምሮ ይረዳል። አምቡላንሱ የመጣ ቀን አብሮሽ ከነበረ ስለሱም አውሪው፤ ልጆች አይተው ዝም ያሉትን ነገር አይረሱም። ሥራም ስጪው፦ ዜብራ ላይ ሰው ካየ ቀድሞ ይንገርሽ።

ስለ ዜብራ ካነሳሁ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ የከነከነኝን ልንገርሽ። ታክሲ አለ፣ የቤት መኪና አለ፣ አምቡላንስ አለ፤ እግረኛ የለም። ከአያት ሜክሲኮ በምትነጂበት መንገድ ዳር በሺዎች የሚቆጠር ሰው በእግሩ እየሄደ፣ አንድም እግረኛ በደብዳቤሽ ውስጥ አልገባም። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ መሪ የያዝን ሰዎች ሁላችንም እንዲህ ነን። ግን አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ታክሲው ስፖኪዮሽን ቢሰብር ትገዢዋለሽ፤ የሰው ሕይወት ግን አይገዛም። እኔ መሪ ሲይዙ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ተማሪዎችን ሁሉ መጀመሪያ የማስተምራቸው ይህን ነበር፦ ሊገድልህ ከሚችለው በላይ አንተ ልትገድለው የምትችለውን ፈልግ።

መንገዱ ሲዘጋ ሰው ገጭቶ የሚገድል እምብዛም የለም፤ ቢበዛ መኪና ከመኪና ይነካካል። አደገኛው ሰዓት መንገዱ የሚለቀቅበት ነው። አርባ ደቂቃ ተጎትተሽ ድንገት ባዶ መንገድ ስታገኚ እግርሽ ነዳጁ ላይ ይጫናል፤ የጠፋውን ደቂቃ ልትመልሺ ትፈልጊያለሽ። ሂሳቡን እንሥራው። ሦስት ኪሎ ሜትር ባዶ መንገድ ብታገኚ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትሄጂ አራት ደቂቃ ተኩል ይፈጅብሻል፤ በ60 ስትሄጂ ሦስት ደቂቃ። ያተረፍሽው አንድ ደቂቃ ተኩል ነው፤ እሱንም የሚቀጥለው መብራት ይወስድብሻል። በ60 ስትሄጂ በአንድ ሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ትጓዣለሽ። ልጅ ኳስ ተከትሎ ቢገባ ዓይንሽ አይቶ እግርሽ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ ቢያንስ አንድ ሴኮንድ ያልፋል፤ 17 ሜትር ሳትቀንሺ ሄደሻል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚገድል አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ ያድጋል።

ዜብራ ላይ ደግሞ አንድ ክፉ ወጥመድ አለ። አንቺ ጥሩ ሰው ሆነሽ ትቆሚያለሽ። እናትየዋ ልጇን ይዛ መሻገር ትጀምራለች። በጎንሽ ባለው ረድፍ የሚመጣው ሹፌር «ይህቺ ምን ሆና ቆመች» ብሎ ሳይቀንስ ያልፋል፤ መኪናሽ ጋርዶበት እናትየዋን አያያትም። ስለዚህ ከሩቅ ቀንሺ፤ ድንገት አትቁሚ። ከዜብራው ራቅ ብለሽ ቁሚ፣ እንዲተያዩ። ስፖኪዮ እያየሽ እጅሽን በመስኮት አውጪና ወደ ታች አውለብልቢ፣ የጎንሽ ሹፌር ይገባዋል። አንቺም ከጎንሽ ያለ መኪና ዜብራ ላይ ሲቆም ካየሽ፣ ለምን እንደቆመ ሳታውቂ አትለፊው። ይህ አንድ ልማድ ብቻ ቢያዝ ስንት ሰው በቀረልን።

ስለ ታክሲ ሹፌሮቹ አጭር ነገር ልበል፤ ጥፋታቸውን ላቃልል አይደለም። ብዙዎቹ መኪናው የራሳቸው አይደለም። ለባለቤቱ በቀን የተቆረጠ ገቢ ያስገባሉ፤ ነዳጅ ከእሱ ሌላ ነው፤ የተረፈው ለሹፌሩና ለረዳቱ ይሆናል። መንገድ ተዘጋ ብሎ ገቢው አይቀነስለትም። አራት ቢያጆ መሥራት ያለበት ሰዓት ውስጥ ሁለት ከሠራ፣ ከራሱ እራት ላይ ነው የሚጎድለው። መሀል መንገድ የሚያቆመውስ ማን ነው? «ወራጅ አለ!» ብለን በፈለግነው ቦታ የምንጮኸው እኛ ነን፤ ሃምሳ ሜትር አልፎ ፌርማታ ላይ ቢያወርደን የምንቆጣውም እኛ ነን። ይህን ሳውቅ ታክሲ ላይ ያለኝ ንዴት ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ግን ሰማያዊና ነጭ መኪና ካየሁ ይቆማል ብዬ ቀድሜ ርቀት እይዛለሁ። የተዘጋጁበት ነገር ብዙ አያናድድም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ምክር። ቀደም ብለሽ ውጪ ማለቱ ትክክል ነው፤ ግን ማነው ልጁን የሚቀሰቅሰው፣ የሚያለብሰው፣ ምሳ ዕቃ የሚቋጥረው? «ቀደም ብለሽ ውጪ» የሚል ባል ከአንቺ ጋር 11 ሰዓት ተኩል መነሳት አለበት። ይህን ሳትቆጪ፣ ሳታኮርፊ ንገሪው፤ ሥራውን ተካፈሉት። 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ከአያት ብትወጪ የምታገኚው መንገድ 1 ሰዓት ላይ ከምታገኚው ጋር አይገናኝም። ትምህርት ቤቱ በሩን ስንት ሰዓት እንደሚከፍት ጠይቂ፤ ልጁ ቁርሱን እዚያ ደርሶ መኪና ውስጥ ቢበላ ምንም አይደለም። አንቺም የቢሮ ሰዓት እስኪደርስ ያለው ግማሽ ሰዓት የራስሽ ነው። ጸልዪ፣ አንብቢ፣ ወይም ዝም ብለሽ ተቀመጪ።

መኪናውን አትሽጪው። ግን በየቀኑም አታውጪው። ቤትሽም ቢሮሽም ባቡሩ መስመር ላይ ነው፤ አያትም ሜክሲኮም ፌርማታ አላቸው፣ መሀላቸው መገናኛ አለ። ባቡሩ ጠዋት ጢም ብሎ እንደሚሞላ አውቃለሁ፤ ልጅ ይዘሽ ግቢ አልልሽም። በሰፈርሽ ልጆቻቸውን እዚያው ትምህርት ቤት ወይም እዚያው አካባቢ የሚልኩ እናቶች አይጠፉም። ሦስት ብትሆኑ አንዷ ሰኞና ሐሙስ፣ አንዷ ማክሰኞና ዓርብ፣ አንዷ ረቡዕ ልጆቹን ታደርሳለች። ያልተረኛዋ በባቡር ወይም በአውቶቡስ ትሄዳለች። ሦስት መኪና የነበረው አንድ ሆነ ማለት ነው። እኔ የማውቃቸው ወላጆች ይህን ሦስት ዓመት አድርገውታል፤ መጀመሪያ ተቸግረው ነበር፤ አንዷ ታረፍዳለች፣ የአንዷ ልጅ ያስመልሰዋል። ተለማመዱት። አሁን ልጆቹ እንደ ወንድማማች ናቸው።

በመኪና በምትሄጂበት ቀን ደግሞ ሌሊቱን ካላረፍሽ፣ ከባለቤትሽ ጋር ተጣልተሽ ከወጣሽ፣ ወይም ስልክሽ ላይ ክፉ ወሬ ካነበብሽ፣ ቁልፉን ከማዞርሽ በፊት ሁለት ደቂቃ ተቀመጪ። ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ክተቺው፤ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው ብለሽም አታውጪው፤ የፊተኛው ሲንቀሳቀስ ሳታዪ ትቀሪያለሽ፣ ከኋላሽ ያለው ይነፋል፣ ቀኑ በዚያ ይበላሻል። ዝግ መንገድ ላይ ከፊተኛው መኪና ጋር አትጣበቂ። የፊተኛው የኋላ ጎማ አስፋልቱን ሲነካ እንዲታይሽ አድርገሽ ቁሚ፤ የፊተኛው ቢበላሽ መውጫ ይኖርሻል፤ አምቡላንስ ቢመጣም ወደ ጥግ የምትጠጊበት ቦታ አለሽ። ያን ማክሰኞ በቀኝሽ ያለው ሰልፍ እንዲህ ክፍተት ትቶ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ገብተሽ መንገዱን ትለቂለት ነበር።

ያ ድምፅ እንደገና ሲመጣ፣ መምጣቱ አይቀርምና፣ ከየት እንደሚመጣ በስፖኪዮ ፈልጊ፤ ፍሬቻ አሳይተሽ ወደ ቀኝ ተጠጊና ቁሚ። መስቀለኛ መሀል ካለሽ መጀመሪያ ውጪለት። ካለፈ በኋላ ተከትለሽው አትሩጪ፤ ብዙ ሰው የተከፈተለትን መንገድ እንደ ዕድል ቆጥሮ ጅራቱን ይዞ ይበራል፤ ሁለተኛ አምቡላንስ ሊከተል እንደሚችል ያስበው የለም።

ነገ ወይም ከነገ ወዲያ በዚያች የውስጥ ለውስጥ መንገድ ታልፊ ይሆናል። ሰልፉ ይቆማል፤ ሁለት ሦስት መኪና ከፊትሽ ወጥቶ ግራውን ይይዛል። ያን ጊዜ እግርሽ ፍሬን ላይ ይሁን፤ መስኮትሽን ክፈቺና ለልጁ «እኛ እዚሁ እንጠብቃለን» በዪው። ምናልባት አሥር ደቂቃ ታረፍጃለሽ። ለትምህርት ቤቱ ደውለሽ ብታሳውቂ ይበቃል።

አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ። ልጅሽ ከኋላ እንደሚቀመጥ ጻፍሽልኝ፤ ቀበቶ ያስር እንደሆነ ግን አልነገርሽኝም። የኋላ ወንበር ቀበቶ በብዙ መኪና ውስጥ ወንበሩ ሥር ተወሽቆ ይቀራል። ዛሬ ማታ የእጅ ባትሪ ይዘሽ ውረጂና አውጥተሽ እዪው፤ መያዣው የሚይዝ መሆኑን ሳብ አድርገሽ ፈትሺ።